አልዩ አምባን «የሸዋ ወደብ» ማለት ተገቢ ነው?

የአይራራው፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ ስለ አንኮበር ቱሪዝም ሲወራ እያዳመጥኩ ነበር። እንግዳው «አልዩ አምባ የሸዋ ወደብ ነበረች፤ መገንጠያው ላይ ይህንኑ የሚል ሰሌዳ ሊቆም ይገባል» አሉ። አዘጋጁም አመስግኖ አለፈ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወደብ ማለት መርከብ የሚጠጋበት ነው። ባሕሩ ያለው ጅቡቲ፣ ታጁራ ነው። ከዚያ እስከ እኛ ድረስ የአሳል ሐይቅ አለ፣ የአፋር በረሃ አለ፣ አዋሽ አለ፣ በመጨረሻም ወገብ የሚሰብረው የይፋት አቀበት አለ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ አንኮበር እያለች፣ ከግርጌዋ ያለችውን ገበያ በሌላት ስም ማግነን ታሪክን ማክበር አይደለም። ሰው የሠራው እውነተኛ ታሪክ አንሶን ነው ሐሰት የምንጨምርበት?

አርጎባዊቷ፦
«ከግርጌዋ ያለችው ገበያ» ያልካት እኔ የተወለድኩባት ናት። ግርጌ ናት፣ አልክድም፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን አንኮበር ቤተ መንግሥት የገባው ጠመንጃ፣ መዳብና ሐር ከሰማይ አልወረደም። በግመል መጥቶ እኛ ዘንድ ተራገፈ፤ ደጋውን የወጣው ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በአህያ ነው። ግመል ያንን ገደል አይወጣማ! የሐረር ነጋዴ፣ የአፋር ነጋዴ፣ አርጎባው፣ አማራው አርብ አርብ የሚገናኙት አልዩ አምባ ነበር። ጭነት ከአንዱ ማጓጓዣ ወርዶ ወደ ሌላው የሚጫንበትን ቦታ እናንተ ምን ትሉታላችሁ?

የአይራራው፦
ገበያ እለዋለሁ። ጥሩ፣ ትልቅ፣ የተከበረ ገበያ።

ሾፌሩ፦
ከሞጆ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል ስመላለስ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሞጆ ባሕር የላትም። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ይወርዳል፤ ተከፍቶ የሚፈተሸውና ባለቤቱ እጅ የሚገባው ግን ሞጆ ነው። ወንድሜ የአይራራው፣ ሞጆን ወደብ ስትባል ዝም ብለህ አልዩ አምባ ላይ ለምን ተነሣህ?

የአይራራው፦
ምክንያቱም ሞጆ «ደረቅ» የሚል ቃል አላት። እንግዳው «ወደብ» ብቻ ነው ያሉት። ደግሞ መፈተሻውን ካነሣህ፣ የሲራራ ነጋዴ የሚቆመው አልዩ አምባ አልነበረም። የሸዋ በር ፋሬ ነበረች። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ አንድ ወር ተኩል ያህል ተጉዞ የደረሰው መጀመሪያ ፋሬ ነው፤ የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ የጠበቀውም እዚያው ነው። እንግዲህ ወደብ ማለት መፈተሻ ከሆነ ሰሌዳው ፋሬ ይተከል።

የይፋት ልጅ፦
በመጨረሻ ፋሬን የሚያስታውስ ሰው ተገኘ! ፋሬን የሚጠብቀው ማን እንደነበረ ግን አልጻፍክም። ወላስማ መሐመድ ነው። በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ እርሱ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ዘመዶቻቸውን ያሰሩበት የጎንቾ ወህኒ እንኳ በእርሱ እጅ ነበር። የወላስማ ስም ደግሞ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት የጠቀለለው የይፋት ሥርወ መንግሥት ስም ነው። ያ መንግሥት እስከ ዘይላ ይዘልቅ ነበር። ስለዚህ «የሸዋ ወደብ» ስትሉ፣ የትኛው ሸዋ? ከመንዝ የወረደው ሸዋ ብቻ ነው ሸዋ?

ከመንዝ፦
መንዝን ምን አመጣው? ሰው ስለ አንድ ሰሌዳ ይጠይቃል፣ እናንተ የሸዋን ነገሥታት ዘር ከመንዝ ወደ ጀመረው ወደ ነጋሢ ክርስቶስ ትሄዳላችሁ። አንኮበርን ያቀኑትም፣ ለእስላሙ ነጋዴ መንገዱን ሰላም ያደረጉለትም የመንዝ ልጆች ናቸው። የተጠላ ሰው ቤት ማንም ግመሉን አያራግፍም።

የይፋት ልጅ፦
መንገዱን ሰላም ያደረገው አፋሩ ነው። ከአዋሽ ማዶ የንጉሡ ቃል አይሰማም ነበር። ሲራራው የሚያልፈው አፋሩ ሲፈቅድ ነው፤ ውኃው የእርሱ፣ ግመሉ የእርሱ፣ መሪው የእርሱ። ይህን መካድ አያስከብርም።

መምህር ዘደብረ ብርሃን፦
ልጆች፣ ቃሉን ለቃችሁ ሰው ላይ ወጣችሁ። ወደ ነገሩ እንመለስ። አልዩ አምባ ተራ ገበያ አልነበረችም፤ ይህን ለመናገር ቤተሰብ መጥቀስ አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1842 እ.ኤ.አ. ቤት ተከራይቶ ወራት የተቀመጠው እዚያ ነው። አንድ የውጭ ሰው ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ትቶ እዚያ የሚያድረው፣ የባሕሩ ወሬ የሚደርሰው እዚያ ስለሆነ ነው። የሐረር ነጋዴዎች የራሳቸው አለቃ ነበራቸው። አንኮበር ትእዛዝ ይወጣባት ነበር፤ አልዩ አምባ ደግሞ ወሬና ሸቀጥ ይገባባት ነበር። ሁለቱን ማበላለጥ ምን ይጠቅማል?

የአይራራው፦
መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያሉት ሁሉ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል። ወሬና ሸቀጥ የሚገባባት ገበያ! አንድም ቦታ «ወደብ» አላሉም። ደግሞም ወደብ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ትከስም ነበር? ምኒልክ እንጦጦ ወጡ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. ሐረር ተያዘ፣ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ገባ፤ አልዩ አምባ ቀረች። ወደብ ባሕሩ እስካለ አይቀርም።

ሾፌሩ፦
አይቀርም? ዘይላ ባሕር ላይ አይደለችም? ኦቦክስ? ጅቡቲ ተቆርቁራ ባቡሩ ሲዘረጋ ሁለቱም ጭር አሉ። ታጁራም የዱሮዋ አይደለችም፤ ዛሬ ጭነቴን የምቀበለው ጅቡቲ ነው። ወደብን የሚያኖረው መንገዱ ነው። ይህን እኔ በጎማዬ አውቀዋለሁ።

መምህር ዘደብረ ብርሃን፦
ሾፌሩ ትክክል ብሏል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ አንኮበር አልነበሩም፤ እንጦጦ ሄዶ ነው ያገኛቸው። እንግዲህ የከሰመችው አልዩ አምባ ብቻ አይደለችም፤ መናገሻዋም አብራ ነው የቀረችው። የአይራራው፣ በመክሰም ከፈረድህ አንኮበርም ከፍርዱ አታመልጥም።

የአይራራው፦
ይህ አሳመመኝ። ቢሆንም እውነት ነው።

አርጎባዊቷ፦
አያቴ በሳጥኗ አንድ አሞሌ አላት። እናቷ ናት የሰጠቻት። ርዝመቱ ከክርን እስከ አንጓ አይሞላም፣ ጫፎቹ ተበልተው ክብ ሆነዋል፣ እንዳይሰበር ወገቡ ላይ በልጥ ታስሯል፤ ልጡ ጠቁሯል። ሕፃናት ሳለን ሳታየን እንልሰው ነበር። ከነጩ ይልቅ ግራጫ ነው። በክረምት ያልበዋል፤ ያን ጊዜ በጨርቅ ጠቅልላ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። ይህ ጨው ከአሳል ሐይቅ በአፋር ግመል ተነሥቶ ሰፈራችን የገባ ገንዘብ ነው። ባሕሩ እኛ ቤት ሳጥን ውስጥ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

መምህር ዘደብረ ብርሃን፦
እህቴ፣ አሞሌው ውድ ቅርስ ነው፤ ጠብቂው። ነገር ግን ከአሳል አይደለም። አሞሌ ተቆርጦ የሚወጣው በሰሜን ከአርሆ፣ ከዳሎል ሜዳ ነው፤ በትግራይና በወሎ በኩል ነው ወደ ሸዋ የሚገባው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ካለው ከአሳል የሚመጣው ልቅ ጨው ነው፤ በሰሌን እየታጨቀ ነው የሚጫነው።

አርጎባዊቷ፦
መምህር፣ አያቴ «ከአዳሎች አገር» ነው የምትለው፤ አፋሮችን ማለቷ ነው። የአዳል አገር ደግሞ ለእኛ በስተምሥራቅ ነው።

መምህር ዘደብረ ብርሃን፦
አርሆም የአፋር አገር ነው። አያትሽ አልተሳሳቱም፤ እኔም አልተሳሳትኩም።

ከመንዝ፦
አሞሌው በሰሜን ከመጣ እንግዲያው ያለፈው በመንዝና በግሼ በኩል ነው። እኛም ወደብ ነን በሉና!

የይፋት ልጅ፦
ሁሉን የራስህ ካላደረግህ አትተኛም።

ኅሊና፦
ይህን ሁሉ አነበብኩ፤ ጠመንጃ፣ ሐር፣ መዳብ፣ ጨው አላችሁ። የሄደውን ግን ማንም አልጻፈም። ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ሄደ። ሰውም ሄደ። ከአልዩ አምባ እምብዛም በማትርቀው በአብዱል ረሱል ባሪያ ይሸጥ ነበር። ከጉራጌ፣ ከእናርያ፣ ከከፋ የተነዱ ልጆች በዚያው መንገድ ወደ ታጁራ ወርደው ባሕር ተሻገሩ። ጨው መጣ፣ ሰው ሄደ። «የሸዋ ወደብ» ብላችሁ ሰሌዳ ስትተክሉ፣ ወደቡ ያሻገረውን ሁሉ ትጽፋላችሁ ወይስ ሐሩን ብቻ?

የአይራራው፦
ለዚህ መልስ የለኝም። እኔ «ወደብ» የሚለውን የተቃወምኩት ለዚህ አልነበረም።

አርጎባዊቷ፦
ይጻፍ። የእኔ ሰዎችም ነግደዋል፤ የንጉሡ ሰዎችም ቀረጥ ወስደዋል። ነገር ግን ይህ ሲነሣ ሁልጊዜ ጣት የሚቀሰረው በእስላሙ ነጋዴ ላይ ብቻ መሆኑን አልቀበልም። ልጆቹን ከደጋው ነድቶ ያመጣቸው ማን ነው? ዘማቹ ነው። ሁለቱም ይጻፍ።

ከመንዝ፦
አሁን ደግሞ ወታደሩ ላይ ዞራችሁ።

አርጎባዊቷ፦
በማንም ላይ አልዞርኩም። «ሁለቱም» ነው ያልኩት። ቃሌን ጎርደህ አትጥቀስ።

ኅሊና፦
አርጎባዊቷ፣ ስላልሸሸሽ አመሰግናለሁ።

ሾፌሩ፦
ሰሌዳው አንድ ሜትር ከሆነ ይህ ሁሉ የት ሊጻፍ ነው? በመኪና የሚያልፍ ሰው አራት ቃል ነው የሚያነብበው። ስለዚህ አራቱ ቃል ወሳኝ ነው። እኔ «አልዩ አምባ፣ የሲራራ ወደብ» ይሁን እላለሁ። «ሲራራ» ካለ መርከብ ማንም አይጠብቅም።

የአይራራው፦
«የሲራራ ገበያ» ይሁንና ፊርማዬን ዛሬ አኖራለሁ።

አርጎባዊቷ፦
ገበያ በየቀበሌው አለ። ልጄ በዚያ ሲያልፍ «ገበያ» ብቻ ካነበበ ከሌላው ገበያ አይለየውም። «ወደብ» ይቆያል።

የይፋት ልጅ፦
የሚጻፈውስ በአማርኛ ብቻ ነው? አርጎብኛ የት ሄደ?

ከመንዝ፦
አልዩ አምባ ውስጥ ዛሬ አርጎብኛ የሚናገር ማን አለ? ቋንቋው ያለው ሾንኬና ጦልሐ ነው። የማይነበብ ጽሑፍ ለማን ነው?

አርጎባዊቷ፦
አያቴ ሦስት መዝሙርና የዘመድ ስም መጥሪያውን ታውቃለች፤ ሌላውን ረስታለች። ላልጠፋው ይጻፍ እንጂ። መጪው አርብ እወርዳለሁ፤ «ወደብ» ለሚለው በአርጎብኛ ምን ይባል እንደነበር እጠይቃታለሁ።

የአይራራው፦
ጠይቂያት። ቃሉ ከሌላቸውስ?

አርጎባዊቷ፦
ካላቸውስ?