ይህን የፀሐይ ፊልተር ልጠቀምበት?

ደንገል፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ አምጥቶልኛል። ጨረቃንና የሳተርንን ቀለበት ከግቢያችን አይቻለሁ። አሁን የፀሐይን ነጠብጣቦች አይቼ በስልኬ ማንሳት እፈልጋለሁ። ከዕቃው ጋር «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ዓይን የምናስጠጋበት ሌንስ ላይ የሚጠመዘዝ ጥቁር መስታወት አለ። ታናሽ እህቴም ማየቷ ስለማይቀር ሳልሞክረው ልጠይቅ ብዬ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦
ልጄ፣ ያን መስታወት ዛሬውኑ ሰባብረህ ጣለው፤ ለሌላ ሰውም እንዳትሰጥ። የፊቱ ሌንስ የፀሐይን ሙቀት ሰብስቦ የሚያወርደው እሱ ላይ ነው። ግሎ ሲሰነጠቅ ዓይንህ እዚያው ተደግኖ ይገኛል። ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል፣ ደግሞ ሲቃጠል አያምም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ ነው።

ፊልተር የሚታሰረው ከፊት፣ ብርሃኑ ቱቦው ውስጥ ሳይገባ ነው። የባደር አስትሮሶላር ፊልም አስመጣ፤ 5.0 የተባለው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። 3.8 የሚለው ለፎቶ ብቻ ስለሆነ ለዓይን አይሆንም፤ ስታዝዝ ቁጥሩን አረጋግጥ። በካርቶን ቀለበት ሥራለትና የጣና ሐይቅ ነፋስ እንዳይነጥቀው በፕላስተር ጠፍረህ እሰረው። ሁልጊዜ ከመግጠምህ በፊት ወደ አምፖል አንስተህ ቀዳዳ ፈልግ። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሿን መፈለጊያ ቴሌስኮፕ ንቀላት። ፀሐይን ለማግኘት የቱቦው ጥላ ይበቃሃል፤ ጥላው እጅግ ሲያንስ አነጣጥረሃል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ደስታ ነው፤ የምንኖረውም ለዚህ በሚመች አገር ነው። ቀን ላይ ምስሉን የሚያንቀጠቅጠው ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚነሳው ሙቀት ነው። ውሃ ግን ቶሎ ስለማይግል በላዩ ያለው አየር ይረጋል። የካሊፎርኒያው ቢግ ቤርና የሕንዱ ኡዳይፑር የፀሐይ መመልከቻ ጣቢያዎች ሐይቅ ውስጥ የተሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ከቻልክ ወደ ዘጌ ተሻገር፤ ጠዋት ከምሥራቃዊው ዳርቻ ፀሐይን በጣና ላይ አድርገህ ታያታለህ። እኩለ ቀንን ተወው፤ በተለይ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ አናታችን ላይ ስለምትቆም ቱቦው ቀጥ ብሎ ማቆሚያው ያስቸግርሃል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ጋሼ፣ በ2012ቱ ግርዶሽ ጊዜ በራጅ ፊልም የሚያዩ ነበሩ። እሱስ? የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ማየትስ?

የፊዚክስ መምህር፦
ሁለቱም አይሆኑም። ራጅ የማይታየውን ጨረር ሊያሳልፍ ይችላል። መነጽሩ ለባዶ ዓይን የተሠራ ነው፤ ቴሌስኮፕ የሰበሰበው ብርሃን ያቃጥለዋል።

ደንገል፦
እሺ ጋሼ፣ ፊልሙን አስመጣለሁ። ፎቶውንስ እንዴት ላንሳ?

የፊዚክስ መምህር፦
ፊልተሩ ከፊት ካለ ስልክህም ይጠበቃል። ትኩረቱን በፀሐይ ጠርዝ ላይ አስተካክለህ ቆልፍ፤ ብርሃኑን ነጠብጣቦቹ ጎልተው እስኪታዩ ቀንስ። ከአንድ ፎቶ ይልቅ አጭር ቪዲዮ ይሻላል፤ ኦቶስታከርት የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥርት ያሉትን ምስሎች መርጦ ይደራርብልሃል። በየጠዋቱ ካነሳህ ነጠብጣቦቹ ሲጓዙ ታያለህ፤ ፀሐይ ከእኛ ሲታይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ትዞራለች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ እኛ ጋ ከፊል ግርዶሽ አለ፤ ክረምት ስለሆነ ደመና ሊጋርደው ይችላል፣ ቢሆንም ተዘጋጅ። ልጆች ሲሰበሰቡ ከቴሌስኮፑ አጠገብ ለአፍታም አትራቅ፤ ፊልተሩን ነካክተው ያወልቁታል።