እህቴ ይህን ማሽን ብትጠቀም ምን ትላላችሁ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ታላቅ እህቴ ድባቴ ከያዛት ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። መድኃኒት ትወስዳለች፤ ፀበሉንም አላቋረጠችም። ለውጡ ግን ትንሽ ነው።

ባለፈው ወር አሜሪካ ያለው የአክስታችን ልጅ ቲዲሲኤስ የሚባል፣ በጭንቅላት በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ወደ አንጎል እየላከ ድባቴን ለማከም የሚያገለግል ትንሽ ማሽን ላከልን። በባትሪ ነው የሚሠራው (መብራት ሲጠፋ አለመቆሙ ራሱ አንድ ነገር ነው)። ሁለት ስፖንጅ በጨው ውሃ አርሶ ግንባር ላይ ማሰር ነው። 2 ሚሊአምፔር፣ ለ20 ደቂቃ። ሐኪሞች ማደንዘዣ ሰጥተው ከሚያደርጉት የኤሌክትሪክ ሕክምና ጋር አንድ አይደለም። ያኛው ሆን ተብሎ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ አንጎል ውስጥ ያስነሳል። ይሄኛው የነርቭ ሴሎችን በጥቂቱ ከማነቃቃት አያልፍም። ይህን ለእናቴ ባስረዳት «ልጄን ኮረንቲ ልታስይዛት ነው!» ብላ ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

እውነት ለመናገር እኔም ልቤ አልሞላም። እህቴ በልጅነቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት። መመሪያው ደግሞ እንዲህ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጠቀም ይላል። ስፖንጁ ከደረቀም ቆዳ ያቃጥላል። እዚህ ያማከርኩት ባለሙያ የማሽኑን ስም ስነግረው ሳቀብኝ፤ በቃ ሳቀ። እህቴ ራሷ ግን «እስቲ እንሞክረው» ትላለች።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ይህን ነገር የሚያውቅ የአእምሮ ሐኪም ታውቃላችሁ? ከመድኃኒቷ ጋር አብሮ ይሄዳል? የተጠቀመ ሰው ካለ ምን ተሰማው? እናቴንስ በምን ላግባባት? ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራዋለች።