ፔትራካ ከሜልቦርን ይውጣ ወይስ ይቆይ? ተከራከሩ (በ2024 ሲዝን ማብቂያ የተጻፈ)

ቀይና ሰማያዊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የ2024 የኤኤፍኤል (የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ) ሲዝናችን አለቀ፣ 11 አሸንፈን 12 ተሸንፈን 14ኛ ወጣን፣ እሱ አንሶን አሁን ደሞ ኮከባችን ክርስቲያን ፔትራካ ዲሞንስን (ሜልቦርንን) መልቀቅ ያስባል ሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። ኮንትራቱ እስከ 2029 ነው። ግማሹ ደጋፊ "ፈርሟል፣ አርፎ ይጫወት" ይላል፣ ግማሹ "ልቡ ከሄደ ይሽጡት" ይላል። እኔ አቋሜን ልናገርና ከዛ እንከራከር። ክለቡ ከሁሉም በፊት ልጁ የተጎዳ ቀን ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደወሰነ ቁጭ ብሎ ያስረዳው። እምነቱ ከተመለሰ ኮንትራቱን ራሱ ይጨርሰዋል። ካልተመለሰ 2029 ሚል ወረቀት አያስቀረውም።

ላላያችሁት፣ ጁን 10 የኪንግስ በርዝደይ ጨዋታ ነው፣ ኤምሲጂ ስታዲየም ላይ ከኮሊንግዉድ ጋር። ለሞተር ኒውሮን በሽታ ገንዘብ ሚሰበሰብበት ቀን ስለሆነ ስታዲየሙ በሙሉ ሰማያዊ ኮፍያ አርጓል። የኮሊንግዉዱ ዳርሲ ሙር ጉልበት የፔትራካ ጎን ላይ አረፈ። መተንፈስ አቅቶት ወጣ፣ ከዛ ተመልሶ ገባ!! ሆስፒታል ሲመረመር አራት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ሳንባው ተበስቷል፣ ጣፊያው ተሰንጥቋል። እንደዛ ሆኖ ነው እንግዲህ ተመልሶ ሲጫወት የነበረው።

ማግፓይ ነኝ፦
ወንድሜ በጣም አዝነናል እኛ የኮሊንግዉድ ደጋፊዎችም፣ ሙርም ምንም አላጠፋም፣ ኳስ ሊይዝ ነው የሄደው። ግን ዶክተሮቹን እንዲ መክሰስ ልክ አይመስለኝም። ሜዳ ዳር ሲቲ ስካን የለም። ተጫዋች ደሞ ህመሙን ይደብቃል፣ በተለይ እንደ ፔትራካ ያለ ጉልበተኛ "ደህና ነኝ አስገቡኝ" ነው ሚለው። አሰልጣኛችሁ ሳይመን ጉድዊን ዶክተሮቹን ደግፎ ነው የተናገረው፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንን ነው ምለው። በአንድ መጥፎ ቀን ምክንያት አምስት ዓመት የቀረው ኮንትራት ሚፈርስ ከሆነ ኮንትራት ምን ትርጉም አለው?

ነርስ ከሰንሻይን፦
እኔ ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ ስለ ጣፊያ ትንሽ ልበል። ጣፊያ በግራ በኩል ከታችኞቹ ጎድኖች ስር ነው ያለው፣ ደም የሞላበት ነገር ነው። ሲሰነጠቅ አንዳንዴ ቀስ እያለ ነው ሚደማው፣ ሰውየው መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ያወራል፣ ይቆማል። ወጣትና ስፖርተኛ ሲሆን ደሞ ሰውነቱ ስለሚቋቋም የደም ግፊቱ ሚወርደው ዘግይቶ ነው። ስለዚ ማግፓይ ያልከው እውነት ነው፣ ሜዳ ዳር ላይ ላይታይ ይችላል። ግን እኮ እኛ የተማርነው በዚሁ ምክንያት ነው ሰውየውን አትልቀቁት፣ እየደጋገማችሁ እዩት ሚባለው። ግራ ጎኑን በዛ ጉልበት የተመታ ሰው እስኪረጋገጥ ይቀመጥ። ተቀያሪ ተጫዋች እኮ አለ፣ ከ2021 ጀምሮ ሰብ ሚባለው የመጣው መጀመሪያ ለጉዳት ተብሎ ነው።

ሌላው ሚያበሳጨኝ ነገር፣ ልጄ እዚህ ሰፈር በታዳጊ ቡድን ፉቲ (ይሄንኑ የአውስትራሊያ ፉትቦል) ይጫወታል፣ ጭንቅላቱን ከተመታ በኮሚኒቲ ደረጃ ቢያንስ 21 ቀን ጨዋታ የለም፣ በኤኤፍኤል ደሞ ቢያንስ 12 ቀን። የተጻፈ ነው፣ አሰልጣኝ ለምኖ ልጁ አልቅሶ ሚቀየር ነገር የለም። ሆድና ደረት ላይ ግን እንደዛ ያለ የቀን ሕግ የለም፣ ሁሉም በዛች ደቂቃ ባለው ዶክተርና "ደህና ነኝ" በሚለው ተጫዋች ላይ ነው ያለው። ፔትራካ ቢናደድ አይፈረድበትም።

የፉትስክሬይ ልጅ፦
እኔ የቡልዶግስ ደጋፊ ነኝ፣ በዚህ ሰውዬ የተቃጠልኩትን ያህል ማንም አልተቃጠለም። 2021 ከሜልቦርን ጋር በግራንድ ፋይናል (የዋንጫ ጨዋታ) ሦስተኛው ኳርተር ላይ 19 ነጥብ እየመራን ነበር በናታችሁ፣ ከዛ በኋላ ከገባው 107 ነጥብ 100ውን ያገቡት እነሱ ናቸው፣ በ74 ነጥብ ቀጡን። ፔትራካ 39 ጊዜ ኳስ ነክቶ 2 ጎል አግብቶ ኖርም ስሚዝን (የግራንድ ፋይናሉ ኮከብ ሜዳሊያ) ወሰደ፣ ሳይመን ብላክ በ2003 ግራንድ ፋይናል ላይ የያዘውን የ39 ንክኪ ሪከርድ ነው የተስተካከለው። ስለዚ ስታር ነው አይደለም የሚል ክርክር የለኝም፣ ከ2020 እስከ 2023 አራት ዓመት በተከታታይ ኦል አውስትራሊያን (የዓመቱ ምርጥ ቡድን) ውስጥ ነው።

ግን እንደ ክለብ አስቡ። 28 ዓመቱ ነው። ጨዋታው በሙሉ ጉልበት ነው፣ ሰው መሀል ገብቶ ተገፋፍቶ ተጫዋች ተሸክሞ ሚወጣ ሚድፊልደር ነው፣ እንደዛ አይነት ሰውነት ከ30 በኋላ ምን እንደሚሆን አይታወቅም፣ ከዚህ ጉዳት በኋላ ደሞ ያው። ዛሬ ዋጋው ጣሪያ ላይ ነው። ስታር ስለሄደ ክለብ አይሞትም፦ ጋሪ አብሌት 2010 ላይ ጊሎንግን ለቆ ወደ ጎልድ ኮስት ሄደ፣ ጊሎንግ በቀጣዩ ዓመት 2011 ዋንጫ በላ። ባዲ ፍራንክሊን ከ2013 ዋንጫ በኋላ ሆውቶርንን ለቆ ሲድኒ ገባ፣ ሆውቶርን 2014ንም 2015ንም በላ። ክሪስ ጀድን ዌስት ኮስት 2007 ላይ ለካርልተን ሲሰጥ ፒክ 3ና ጆሽ ኬኔዲን አገኘ፣ ኬኔዲ ሁለቴ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ 2018 ላይ ዋንጫ አመጣላቸው፣ ጀድ ካርልተን ሄዶ አንድም አልበላም። ሽጡት ነው ምላችሁ።

ገና ከአዲስ አበባ፦
ይቅርታ ጣልቃ ስገባ፣ እዚህ ከመጣሁ ገና ስለሆነ እኔ ማውቀው ፕሪሚየር ሊግ ነው። ለምን በሚሊዮን ሸጠው ሌላ አይገዙም? ፒክ ምንድነው?

ቀይና ሰማያዊ፦
እንኳን ደህና መጣህ። እዚህ ሀገር ክለብ ለክለብ የዝውውር ገንዘብ አይከፍልም። ደሞዝ ጣሪያ አለው፣ ጣሪያው ለሁሉም ክለብ እኩል ነው። ተጫዋች ሚቀየረው በተጫዋች ወይ በፒክ ነው፣ ፒክ ማለት በየዓመቱ ወጣቶች ሚመረጡበት ድራፍት ላይ የተራ ቁጥር ነው፣ መጨረሻ የወጣ ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል። ትሬድ፣ ማለት ይሄ ልውውጥ፣ ሚፈቀደው ኦክቶበር ላይ ነው። ኮንትራት ያለውን ልጅ ካልፈለገ የትም መላክ አይቻልም፣ እሱም ክለቡ እሺ ካላለ መሄድ አይችልም። ሁለቱም እጅ ላይ ቁልፍ አለ።

ፔትራካንም ያገኘነው እንደዛ ነው፣ 2014 ላይ ከመጨረሻው ሁለተኛ ስንወጣ በፒክ 2። እና አሁን የዛን ዓመት ድራፍት አስታውሱ እስቲ። ፒክ 1 ፓዲ መካርቲን፣ ሴንት ኪልዳ። ፒክ 2 ፔትራካ። ፒክ 3 አንገስ ብሬሾ፣ እሱም ወደኛ። መካርቲን በተደጋጋሚ የጭንቅላት ጉዳት 2023 ላይ ጨዋታ አቆመ። ብሬሾ 2023 ሴፕቴምበር ላይ ከብሬደን ሜይናርድ ጋር ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ከዛ ቀን በኋላ አልተጫወተም፣ በዚህ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በዶክተር ምክር ተሰናበተ፣ 28 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን አብረው ከተጠሩት ሦስት ልጆች ሁለቱ ሰውነታቸው አቁሟቸዋል። ሦስተኛው የቅርብ ጓደኛውን በፌብሩዋሪ ሸኝቶ በጁን ራሱ ሆስፒታል ተኛ። እንግዲህ እዛ አልጋ ላይ ሆኖ "ይሄ ክለብ ይጠብቀኛል ወይ" ብሎ ባይጠይቅ ነው ሚገርመኝ። ስለ ኮንትራት ሚያወራ ሁሉ መጀመሪያ ይቺን ያስባት እንደው።

ጋሼ ከፍሌሚንግተን፦
ልጆች እኔ ይሄን ክለብ የያዝኩት እናንተ ሳትወለዱ ነው መሰለኝ። 2011 ላይ ጊሎንግ በ186 ነጥብ ሲደቁሰን አይቻለሁ። ቶም ስካሊ በፒክ 1 መጥቶ በሁለት ዓመቱ ጥሎን ወደ ጂደብሊውኤስ ክለብ ሲሄድ አይቻለሁ። ፕሬዝዳንታችን ጂም ስታይንስ እየታመመ ክለቡን ከዕዳ ሲያወጣ አይቻለሁ፣ ነፍሱን ይማርና ዋንጫውን ሳያይ ሞተ። ከ1964 እስከ 2021፣ 57 ዓመት ያለ ዋንጫ። ያም ዋንጫ ሲመጣ በኮቪድ ምክንያት ፐርዝ ላይ ነው የተበላው፣ እኛ ሜልቦርን በራችን ተዘግቶብን በቲቪ ነው ያየነው። ፔትራካ ኤምሲጂ ላይ ደጋፊው ፊት ዋንጫ ሳያነሳ አይሄድም። የፉትስክሬይ ልጅ ያልካቸው ክለቦች ስታር ሲሄድባቸው ከኋላ ሌላ ሰባት ስታር ነበራቸው። እኛ ማክስ ጎውን 32 ዓመቱ ነው፣ ብሬሾ የለም። ፔትራካን ሸጠን ፒክ ስንይዝ ልጁ እስኪያድግ እንደገና ስንት ዓመት ልንጠብቅ ነው?

የፉትስክሬይ ልጅ፦
ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ሳይሸጡትም እኮ 14ኛ ነው የወጣችሁት። 2022 በሁለት ጨዋታ ከፋይናል (ከጥሎ ማለፉ) ውጪ፣ 2023 በሁለት ጨዋታ ውጪ። ያኔ ፔትራካም ጎውንም ሌላው ሚድፊልደራችሁ ክሌይተን ኦሊቨርም ነበሩ።

ጋሼ ከፍሌሚንግተን፦
2023ን አታንሳብኝ። ካርልተን 11 ጎል (ጎል 6 ነጥብ ነው) 7 ቢሃይንድ (ለጥቂት የሳተ፣ 1 ነጥብ)፣ እኛ 9 ጎል 17 ቢሃይንድ። 73 ለ 71! እኛ 26 ጊዜ አስቆጥረን እነሱ 18 ጊዜ አስቆጥረው በሁለት ነጥብ ወጣን። ያ የአንድ ሰው ጥፋት ነው? አጥቂ የለንም፣ መሀል ሜዳው ኳሱን አምጥቶ ሚሰጠው ሰው አጣ። ሚድፊልደር በመሸጥ ሚፈታ ችግር አይደለም።

ማግፓይ ነኝ፦
እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። ፎርሙ ላይ ችግር የለም፣ ጁን ድረስ ጥሩ ነበር። ዕረፍት አርጎ ሲመለስ ሰውነቱ እሺ ካለው የድሮው ፔትራካ ነው። ጥያቄው ልቡ ነው። ብራይስ ጊብስን አስታውሱ፣ 2016 ላይ ኮንትራት እያለው አደሌድ ልሂድ አለ፣ ካርልተን ከለከለው፣ በዓመቱ ሄደ። ጆ ዳኒሄር 2019 ላይ ሲድኒ ልሂድ ሲል ኤሰንደን አልለቅም አለ፣ በቀጣዩ ዓመት ብሪዝበን ገባ። በግድ ያስቀሩት ሰው አንድ ዓመት ነው ሚቆይላችሁ።

ቀይና ሰማያዊ፦
አየህ፣ ይሄ ነው የኔ ነጥብ፣ መጀመሪያ ካልከው ጋር ግን አይሄድም። ኮንትራት አለ ብለን ብንይዘው የጊብስን ታሪክ ነው ምንደግመው።

ሌላው ሰው ማያወራው ነገር፣ ቅሬታው ጉዳቱ ብቻ አይደለም ይባላል፣ ክለቡ አያያዙ ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ በሀገሪቱ ትልቁ ስታዲየም ላይ ምንጫወት ክለብ ቋሚ ቤት የለንም። አንድ ቀን ኤምሲጂ አጠገብ ጎሽስ ፓዶክ ሜዳ ላይ፣ አንድ ቀን ክራንበርን ኢስት ኬሲ ፊልድስ፣ ትራፊክ ካለ መንገድ ላይ ነው ቀኑ ሚያልቀው። ኮልፊልድ ፈረስ መሮጫው ጋ ይሠራል ተብሎ ሲወራ ስንት ጊዜ ሆነ።

የፉትስክሬይ ልጅ፦
እሱ እውነት ነው። የኛ ሜዳ ዊትን ኦቫል ከሠፈራችን መሀል ነው፣ ልጆቹ ልምምድ ሲጨርሱ ሐበሻ ሱቅ በር ላይ ሲያልፉ እናያቸዋለን። ግን በሜዳ ምክንያት ክለብ ሚለቅ ሰው አላውቅም።

ነርስ ከሰንሻይን፦
ለብቻው አይለቅም፣ ግን ሲደራረብ ይለቃል። እኛም ሥራ ቦታ እንደዛ ነው። አንድ ቀን ተጎድተህ አለቃህ መጥቶ "ምን እናድርግልህ" ካለህ ሌላውን ሁሉ ትችለዋለህ። ካላለህ ግን የመኪና ማቆሚያው ራሱ ይመርሃል። ልጁ ሞትን አይቶ መጥቷል፣ ስለ ኮንትራት ከማውራታችሁ በፊት ሰው መሆኑን አስታውሱ። ክለቡ ከውጪ ዶክተር አምጥቶ የዛን ቀን ውሳኔ ቢያስመረምርና ውጤቱን ለሱም ለቤተሰቡም ቢነግር ምን ይጎዳዋል? ዶክተሮቹ ልክ ከነበሩ ልክ መሆናቸው ይታወቃል፣ ለነሱም ይሻላቸዋል።

ማግፓይ ነኝ፦
እህቴ በዚህ ተስማምቻለሁ፣ ቅድም ዶክተሮቹን የተከላከልኩት ሳይመረመር እንዳይፈረድባቸው ነው፣ ይመርመር ካልሽ ደግፌሻለሁ። ከዛ በኋላ ግን አሁንም መሄድ እፈልጋለሁ ካለ ለኛ ስጡን። ኮሊንግዉድ በደስታ ይቀበለዋል።

ቀይና ሰማያዊ፦
በምን? የ2024 የመጀመሪያ ዙር ፒካችሁን ላኪ ሹልትዝን ስትወስዱ ለፍሪማንትል ሰጥታችኋል። ኖርም ስሚዝ የወሰደ፣ አራቴ ኦል አውስትራሊያን የሆነ ልጅ፣ አምስት ዓመት ኮንትራት እያለው፣ በሁለተኛ ዙር ፒክና በቤንች ተጫዋች አይሄድም፣ እንኳን በየዓመቱ ኪንግስ በርዝደይ ላይ ለምንገናኘው ለናንተ። ሁለት የመጀመሪያ ዙር ፒክና አሁኑኑ ቡድን ውስጥ ሚገባ ወጣት ተጫዋች ይዞ ሚመጣ ክለብ ካለ ያኔ እናወራለን። ጋሼ አይቆጡኝ፣ ምርመራው ተደርጎ፣ ፕሬዝዳንቱም አሰልጣኙም ቤቱ ድረስ ሄደው አውርተውት፣ እሱ አሁንም አልቆይም ካለ በዛ ዋጋ እለቀዋለሁ። ከዛ በፊት ግን አልሸጥም፣ "ፈርመሃል" ብዬም ፊቱ ላይ ወረቀት አላውለበልብም።

ጋሼ ከፍሌሚንግተን፦
አልቆጣም። ቤቱ ድረስ መሄዱ ላይ አብረን ነን። መልቀቁ ላይ አልስማማም፣ በሁለት ፒክም በሦስትም። ኦሊቨርም ነገ ልሂድ ቢል እንደዛው ልትሉኝ ነው ማለት ነው፣ ከዛ ከ2021 ቡድን ማን ሊቀር?