ግዛዋና አሽዋጋንዳ

ሰላም ለሁላችሁ። የሌሊት ሺፍት እንቅልፍ ነስቶሽ «አሽዋጋንዳ ልጀምር ወይ?» ላልሽው እህቴ ነው የምጽፈው። ለጥምቀት መጥቼ አሁን ጎንደር እማዬ ቤት ነኝ።

አሽዋጋንዳ ከተክል ሥር የሚዘጋጅ፣ በብልቃጥ የሚሸጥ ነገር ነው። እኔም አምና በዚሁ በእንቅልፍ ችግር ጀምሬው ነበር። ሲሻለኝ ጉልበቷን ለሚያማት ለእማዬ አንድ ብልቃጥ ገዝቼ አስቀመጥኩ። ብልቃጡ ላይ ያለውን ሥዕል ስታይ «ይሄማ ግዛዋ ነው!» ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደችኝ። እውነቷን ነው። ፍሬዋ ትንሽ፣ ቀይ፣ በስስ ልባስ የተሸፈነች። የሁለቱም ሳይንሳዊ ስም ዊታኒያ ሶምኒፌራ ነው። ልጅ ሆነን ቡዳ በላቸው ሲባል ሥሩን ፍም ላይ አድርጋ፣ ጋቢ አከናንባ ታጥነን ነበር። ሕንዶች ግን ሥሩን ፈጭተው ይወስዱታል። አሽዋጋንዳ በሳንስክሪት «የፈረስ ሽታ» ማለት ነው። ሥሩን ቆርጬ አሸተትኩት፤ ደረቅ ኮርቻ ኮርቻ ይላል።

ጭንቀትን ይቀንሳል፣ እንቅልፍንም ትንሽ ያሻሽላል የሚሉ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ ግን ከ3 ወር አያልፉም። ዴንማርክ በ2023 እ.ኤ.አ. ከገበያ አግዳዋለች።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ለመደበኛ ምርመራ ስሄድ የጉበት ኢንዛይሜ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለችኝ። «ምንም የለም» አልኳት። ሥር መድኃኒት ነው ብዬ አላሰብኩማ! በሦስተኛው ጥያቄ ነው ትዝ ያለኝ። አቆምኩት፣ በሁለት ወር ወደ ቦታው ተመለሰ። ጉበት ላይ ችግር ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከጀመርሽ በ2 እና በ12 ሳምንት መካከል ነው የሚታየው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ሰውነትሽን ካሳከከሽ ወዲያው አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ጨርሶ አትንኪው። የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ሲደረብ ደግሞ ስኳሩንም ግፊቱንም ከልክ በላይ ሊያወርድ ይችላል። ከእንቅልፍ ኪኒን ጋርም አይሄድም። እማዬ የእንቅርት (የታይሮይድ) መድኃኒት ስለምትወስድ ብልቃጡን አልሰጠኋትም፣ ሻንጣዬ ውስጥ መልሼዋለሁ። ጉልበቷን ለማሳየት ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።

አንቺም መጀመሪያ የብልቃጡን ጽሑፍ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለሐኪምሽ ወይም ለፋርማሲስቱ አሳዪ። ከሌሎቹ መድኃኒቶችሽ ጋር ያስተያዩልሽ።