ለጋራው ፕሮፖዛል፦ ተማሪዎች በሥዕል ስለ መማሪያ ቴክኖሎጂ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይሄ ነው። ታብሌት ከመታደሉ በፊት ተማሪው ምን እንደሚያስፈልገው በሥዕል እንጠይቃለን። 4 ትምህርት ቤት፣ ከየአንዳንዱ ሁለት የ9ኛ ክፍል ሴክሽን፣ በሴክሽን 50፣ በድምሩ 400 ተማሪ። አንድ ፓኬት ኤ4 (500 ቅጠል)፣ 400 እርሳስ፣ 400 ላጲስ፣ 100 መቅረጫ። 25 ደቂቃ ይስላሉ፣ 10 ደቂቃ ከሥሩ ማብራሪያ ይጽፋሉ። ዓርብ ይገባል።

የሥዕል መምህርት፦ ላጲሱ ይውጣ። ልጁ መጀመሪያ የሳለውን አጥፍቶ የጎረቤቱን ይገለብጣል። እኛ የምንፈልገው የጠፋውን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ላጲስ የሌለው እርሳስ ገዝቼ ኦዲተር ፊት አልቆምም። ባለፈው የማርከሩ ጉዳይ ምን እንዳመጣብኝ ታውቃላችሁ።

የሥዕል መምህርት፦ ጋሼ፣ ኦዲተሩ ላጲስ አይቆጥርም።

የፊዚክስ መምህር፦ ጥያቄው ይቅደም። «የመማሪያ ቴክኖሎጂ ሳሉ» ከተባለ 400 ኮምፒውተር ነው የሚመጣልን። «ያልገባህ ትምህርት እንዲገባህ ክፍሉ ውስጥ ምን ይኑር?» ይባል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ምሳሌ እንዳይስል፤ ከሳለ 50ውም ያንኑ ነው የሚገለብጡት። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሲገባ ስርጭቱ ከሳተላይት ስለነበር ተማሪው እጁን ቢያወጣም አይቆምም፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። ያኔ ተማሪ ብንጠይቅ መጀመሪያ የሚስለው ማቆሚያ ቁልፍ ነበር።

ካሜራ ያዥ፦ እርሳሱ ኤችቢ ከሆነ በስልክ ፎቶ ግራጫ ሆኖ ይጠፋል። ለስለስ ያለው 2ቢ እርሳስ ይደምቃል፣ ግን ወረቀቱ ሲደራረብ ይለቀልቃል። እስክሪብቶ ይሁን፤ የላጲሱም ጭቅጭቅ ያበቃል። ፎቶውን እኔ አነሳለሁ፤ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ።

የሥዕል መምህርት፦ በእስክሪብቶ ፈሪው ልጅ ወረቀቱን ባዶ ነው የሚመልሰው። 2ቢ እርሳስ፣ ያለ ላጲስ፣ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ይሰርዝ።

የፊዚክስ መምህር፦ ላጲስ ከከለከልሽ በምራቅ እያሹ ወረቀቱን ይቀድዱታል። አይተሽዋል።

የሥዕል መምህርት፦ የተቀደደው ይቀየርላቸዋል። መቶ ቅጠል ትርፍ አለ አይደል?

ገንዘብ ያዥ፦ መቶው ለሥልጠናው ነው!

ጸሐፊ፦ የምን ሥልጠና? ረቂቁ ላይ የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሥዕሉን ማን ያነበዋል? መምህራኑ ሳይሠለጥኑ ነው?

የሒሳብ መምህርት፦ እዚህ ላይ ጋሼ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው የዴቪድ ቻምበርስ ጥናት 4,807 ልጆች ሳይንቲስት ሳሉ፤ ሴት ሳይንቲስት የሳሉት 28 ብቻ፣ 28ቱም ሴቶች ልጆች። ይሄ የተገኘው በየሥዕሉ ምን እንዳለ ስለተቆጠረ ነው። ለእኛም የመቁጠሪያ ቅጽ ይሠራ፦ መምህር አለ? ስንት ሰው? መሣሪያው በማን እጅ? ወንበሩ ወዴት ዞሯል? አንዱን ሥዕል ሁለት ሰው ለየብቻው ይሙላ፤ ካልተስማሙ ልጁ የጻፈውን ይመልከቱ። ስም አይጻፍ፣ ከጀርባው ኮድ ብቻ።

የፊዚክስ መምህር፦ 400 ሥዕል፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ 800 ቅጽ። ማን ነው የሚሞላው?

ጸሐፊ፦ ቁጥሩ ይቀነስ። አንድ ሴክሽን፣ 50 ተማሪ። የቀረው ገንዘብ ለሥልጠናው ይሁን።

የሥዕል መምህርት፦ ታዲያ ይሄ የተማሪ ፕሮፖዛል መሆኑ ቀረ? አንድ ሴክሽን ስለ አራት ትምህርት ቤት አይናገርም። የገጠሩ ተማሪ የሚስለው ሌላ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አልቀረም፤ ሙከራ ይባላል። ተቆጥተሽ ነው እንጂ ላጲሱን ከዝርዝሩ አውጥቼልሻለሁ። በእሱ ምትክ ስካነር ይግባ፤ ንብረት ሆኖ ይቀራል።

የሥዕል መምህርት፦ እሺ። ስካነር ከተገዛ ግን ኤ3 ይሁን፤ ኤ4 ላይ ክፍሉን ሲስሉ ሰው አይገባላቸውም። ጥያቄውን ዛሬ ማታ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ርዕሱ «በሥዕል ንባብ ላይ የመምህራን ሥልጠና» ሆኗል፤ የተማሪው ክፍል አባሪ ነው። ካሜራ ያዡ ከትናንት ጀምሮ መልስ የለውም። የኤ3 ስካነር ዋጋ ከሦስት ሱቅ ማን ያመጣል? ያለ ሦስት ፕሮፎርማ ዓርብ አይቀበሉንም።