ደመወዝ ሳይከፈለን ማስተማር አቆምን፤ አሁን ማስጠንቀቂያ ደረሰን

ሰላም ወገኖች። በደቡብ ኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ደመወዝ ከገባልን ሁለት ወር አልፏል። ባለሱቁም ዱቤ ከልክሎኛል። ተመካክረን ማስተማር ስናቆም ማህተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያ መጣ፦ «በ3 ቀን ውስጥ ተመለሱ።»

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆም መብትን ይጠቅሳል። የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ ግን በሕግ ይወሰናል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። ታዲያ እኛ የት ነን?

ትናንት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪዬ ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። ፈተናዋ ደርሷል። አንጀቴን በላችው፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን።

ለደብዳቤው መልስ የምንሰጠው በጋራ ፈርመን ነው ወይስ በየግላችን? በዚህ ያለፋችሁ መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችም፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው።