ዘጋቢ ይንገረን ወይስ ይፍረድልን? ስለ ጋዜጣ አጻጻፍ የተነሣ ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ የተነሣው የጋዜጣ ነገር ጫፍ ሳይዝ ስለቀረ ዛሬ በወጉ እንነጋገርበት። ድሮ ዜና «እገሌ ይህን ተናገሩ» ብሎ ያበቃል። የዛሬ ዘጋቢ ደግሞ ይተርካል፣ ይተነትናል፣ ሲብስም ይፈርዳል። የቱ ይሻላል? ስድብ የለም። ነገሩን ወደ ብሔር የምትጎትቱም ከአሁኑ ተውት።

ጋሽ መምህር፦
እኔ ለድሮው ነኝ። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የተጀመረ ጋዜጣ ነው፣ እኛም ያደግነው እሱን እያነበብን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ግን ማሰሪያው አይጠፋም። ሰዋስው ሳስተምር ምሳሌ የምወስደው ከጋዜጣ ነበር። ዛሬ ልውሰድ ብል የማገኘው የስሕተት ምሳሌ ነው። ርዕሱ «ጉድ ተሰማ» ይላል፣ ገብተህ ስታየው ምንም የለም። ዘጋቢው ሐሳብ ካለው ርዕሰ አንቀጽ አለለት፣ እዚያ ይጻፍ። ዜናዬን አያቡካብኝ።

የአራዳው፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ጋዜጣ የምገዛው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ ራሴ አውቃለሁ ሃሃ።

የማራኪ ተማሪ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። «ድሮ» ሲሉ የቱን ድሮ ነው? በንጉሡ ጊዜ የፊት ገጹ የሚከፈተው በጃንሆይ ነው። ማንን አነጋገሩ፣ የትኛውን ሥራ መረቁ፣ ከነሙሉ ማዕረጋቸው። ፍሬ ነገሩን ለማግኘት ወደ ታች መውረድ አለብዎት። ደርግ ሲመጣ ማዕረጉ ወጥቶ «ጓድ» ገባበት፣ መፈክሩም ከዜናው ጋር አብሮ ታተመ። ይሄ እንዴት ገለልተኛ ይባላል? ወገኑ አንድ ብቻ ስለነበረ ወገን የሌለው መሰለን እንጂ።

ደረቅ ዜና ራሱ ከሰማይ የወረደ ሥርዓት አይደለም። አሜሪካም ውስጥ መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ጋዜጣ የፓርቲ ነበር፣ ዜናውም ከመነሻው እስከ መድረሻው በቅደም ተከተል ይተረካል። በ1833 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ «ሰን» የሚባለው ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ሲጀምር አንባቢው ተራው ሰው ሆነ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ወሬም ገባ። ዋናውን ከላይ ዝርዝሩን ከታች ማድረግ፣ እኛ ክፍል ውስጥ «የተገለበጠ ፒራሚድ» የምንለው፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሊንከን በተመቱ ሌሊት ለጋዜጦች ዜና የሚያቀርበው የአሶሼትድ ፕሬስ ድርጅት ዘጋቢ የላከው አጭር መልእክት ፕሬዚዳንቱ ዛሬ ማታ ቲያትር ቤት ውስጥ ተተኮሰባቸው፣ ቁስሉም ምናልባት ለሞት የሚያደርስ ነው የሚል ነበር። በቃ። ብዙ ሰው ምክንያቱ ቴሌግራፍ ነው ይላል፦ መስመሩ ሊቋረጥ ስለሚችል ፍሬው ይቅደም፣ ክፍያውም በቃላቱ ቁጥር ነው። ግን በየጋዜጣው የተለመደው ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ስለሆነ ሽቦው ብቻውን አያስረዳውም። ለሁሉም ወገን ጋዜጣ ዜና የሚሸጥ ድርጅት ለአንዱ ቢያደላ ሌላውን ደንበኛ ያጣል። ገለልተኝነት በከፊል የገበያ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እታለም፦
የልጁ ነገር ገብቶኛል። ጋሼ፣ ያ የተጣራ አማርኛ በ1965 እና በ66 የወሎ ሰው በረሃብ ሲያልቅ የት ነበር? ለዓለም ያሳየው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው፣ በጥቅምት 1966። እኛ አገር በቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው። ያውም ደርግ የቤተ መንግሥቱን ግብዣ ከረሃብተኛው ጋር እያፈራረቀ አስገብቶበት። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። መጀመሪያ ዝም ተባልን፣ ከዚያ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ተቀነባብሮ ቀረበልን።

ጋሽ መምህር፦
እታለም፣ ያ የሳንሱር ኃጢአት ነው፣ በአጻጻፍ አታሳቢው። በዚያው ዘመን ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል አምድ ነበረው። ሰው ከየጠቅላይ ግዛቱ ይጽፍለታል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ይመልሳል። በአሉ ግርማም እዚያው ጋዜጣ ላይ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች አማርኛ አያውቁም ልትሉኝ ነው?

የማራኪ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ጳውሎስን ጠርተው እኔን ረዱኝ እኮ። ጳውሎስ ደረቅ ነበር እንዴ? ይቀልዳል፣ ይወርፋል፣ ሰውም የወደደው ለዚያ ነው።

የአራዳው፦
ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የመጡትን የግል ጋዜጦችስ ለምን ረሳችኋቸው? ጋዜጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እኛ ጋ ጎንደር ፒያሳ እስኪደርስ ቀኑ ያልፍበታል፣ ቢሆንም አንዱ የገዛውን አሥር ሰው ያነበዋል። ርዕሱ ትልቅ፣ ቃለ አጋኖው ሦስት። ግማሹ አሉባልታ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሌላ ማንም ያልደፈረውን የሚጽፍም ነበረበት። ከ97ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ጠፉ።

ውሃ ወረፋ፦
እስቲ በእጃችን እንየው። ጎንደር ውሃ ጠፋ እንበል፣ መቼም ብርቅ አይደለም። የራሴ ፈጠራ ነው፣ ከየትም አልቀዳሁትም።

በንጉሡ ጊዜ፦ «የግርማዊነታቸው መንግሥት ለሕዝቡ ጤንነት ካለው የማያቋርጥ አሳብ የተነሣ የጎንደር ከተማ የንጹሕ ውሃ ጉዳይ በመጠናት ላይ መሆኑን ክቡር የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ገዥ ገለጡ።»

በደርግ፦ «ሰፊው የጎንደር ሕዝብ የውሃ ችግሩን በተደራጀ ክንዱ ለማስወገድ ቆርጦ መነሣቱን አረጋገጠ።»

በግል ጋዜጣው ዘመን፦ «ጎንደር ተጠማች! ባለሥልጣናቱ የት ገቡ?!»

ዛሬ ስልኬ ላይ፦ «ሰበር! ጎንደር ላይ የሆነው ብዙዎችን አስደነገጠ፣ እስከ መጨረሻው ይመልከቱት።»

አሁን ንገሩኝ። የትኛው ቀበሌ ነው? ከመቼ ጀምሮ? አንድ ጀሪካን ስንት ገባ? አንገረብ ግድቡ ደለል ሞልቶት ነው፣ ቧንቧው ተሰብሮ ነው ወይስ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሞ? ወረፋ ላይ የቆመች አንዲት ሴት እንኳ በአራቱም ውስጥ የለችም። እኔን የሚያንገበግበኝ ቦታው ድረስ የሄደ ሰው መጥፋቱ ነው። አማርኛው ቢረዝምም ቢያጥርም ለእኔ ያው ነው።

የአራዳው፦
ማን ይሂድልህ ወንድምዓለም? ስብሰባ ላይ ውሎ አበል አለ፣ ምሳ አለ። ወረፋ ላይ ምን አለ?

የማራኪ ተማሪ፦
ለልምምድ ወጥቼ ያየሁት ይህንኑ ነው። ደብዳቤ ልኮ የጋበዘው አካል ራሱ ነው መኪናውንም አበሉንም የሚችለው። ዘጋቢው የመክፈቻ ንግግሩን ይቀርጻል፣ ከሻይ እረፍት በኋላ ይወጣል። ከሰዓት ተሰብሳቢው ምን ብሎ እንዳፋጠጠ አይሰማም። ማታ ዜናው «አሳሰቡ»፣ «ጥሪ አቀረቡ»፣ «አስታወቁ» ብቻ ይሆናል። ሌላ ምን ይጻፍ? ሌላ አልሰማም። አለቃው ደግሞ ነዳጅ የለም ይለዋል፣ እውነቱንም ነው። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ እየናረ ነው፣ ማስታወቂያው ወደ ስልክ ሄዷል። በዚህ ላይ ዘጋቢውን አዘዞ ድረስ ልኮ ግማሽ ቀን ወረፋ ላይ የሚያቆም ጋዜጣ ስንት አለ?

ጋሽ መምህር፦
መልካም። ግን ልብ በሉ፦ ውሃ ወረፋ የጠየቀው ምንድን ነው? ቀበሌው፣ ቀኑ፣ ዋጋው፣ ምክንያቱ። ይህ እኮ የእኔው ደረቅ ዜና ነው! ስሜት የሚል ቃል አልወጣውም። ሳያውቀው ለእኔ ተከራከረልኝ።

ውሃ ወረፋ፦
ሴትዮዋስ ጋሼ? ሌሊት ስንት ሰዓት ተነሣች፣ ጀሪካኑን ማን ተሸከመላት፣ ሳይደርሳት ስትመለስ ልጆቿን ምን አለቻቸው? ይህንን ያለ ትረካ እንዴት አድርገው ይነግሩኛል?

ጋሽ መምህር፦
ያለችውን በትምህርተ ጥቅስ አስገባው፣ ያየኸውንም ጻፈው። አልቅስልኝ ግን አላልኩህም።

እታለም፦
እሱስ ይሁን፣ የጻፈው ማን እንደሆነ እንወቅ። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ባለቤት የለውም። ስም ይኑረው፣ ሲሳሳትም የሚጠየቅ ሰው ይኑር።

የማራኪ ተማሪ፦
ይኑረው። ግን በዚህ አገር ስሙን የጻፈ ሁሉ ቤቱ አላደረም፣ እሱንም አብረን እንቁጠረው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ወስዶታል። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው።

አወያይ፦
ይህኛው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ቅዳሜ ማታ እናነሣዋለን። ጋሼ፣ መክፈቻው የእርስዎ ነው፣ እባክዎ አጠር አድርገው።